የአምበሏ ትከሻ

ጥር 6

ልምምድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት። የአስራ አንድ ልጆች ጣት አሰርኩ። መረብ ኳስ ተጫዋች ጣቷ ካልታሰረ ልብስ የረሳች ይመስላታል። ፕላስተሩ ሊያልቅ ነው... ለግዥ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። እነሱ እንደሆኑ ወጌሻ መኖሩ ትዝ የሚላቸው ልጅ ወድቃ ስትጮህ ብቻ ነው።

አምበሏ ቀኝ ትከሻዋ ከብዷታል። አሸሁላት። ጅማቱ ጠንከር ብሏል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። በጤና መዝገቡ፣ በሷ ገጽ ላይ፦ «ቀኝ ትከሻ ደክሟል። ሁለት ቀን ከባድ ምት ይቅር።» አሰልጣኙ አንብቦ ፊቱን አጠቆረ። «ሐሙስ ጨዋታ አለብኝ እኮ!» ለሐሙስ ትደርሳለች አልኩት። እሷ ደግሞ፣ «ጋሼ፣ አገር ሰላም ብላ የመጣችውን ሁሉ አልጋ ታስይዛለህ» አለችኝ። ሳቅን።

ቤት ስገባ አብራኝ የምትኖረው ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ጫማዬን ውጭ አስወለቀችኝ። ቅባት ቅባት ትሸታለህ አለች። ከማስተማር ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ። የቀረኋት ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ።

ጥር 9

አሸነፍን። የሚወራው ግን ሌላ ነው።

ጣቷን አስሬ ስጨርስ አምበሏ «እስክሪብቶህን» አለች። ሰጠኋት። ምን ላውቅ? አራቱ ጣቶቿ ላይ፣ በፕላስተሩ ላይ ቁጥር ጻፈች። 12። 12። 12። 12። «ምንድን ነው?» ስላት «ቀን ነው» ብላ ወጣች። ነጥብ ባገባች ቁጥር እጇን ወደ ካሜራው ትዘረጋለች። ሲያልቅ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ጠየቀቻት። «ሰልፍ ወጥተው የታሰሩት ተማሪዎች ዛሬ አስራ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ፍርድ ቤት አልቀረቡም።» በቃ፣ ይቺን ብቻ።

የቡድኑ ባለቤት ከክብር እንግዶቹ መሀል ተቀምጦ ነበር። ከኋላው ስለነበርኩ ፊቱን አላየሁም። ጆሮው ግን ቲማቲም መስሏል።

ጥር 10

በልምምድ ቀን መጥቶ የማያውቀው ባለቤት ዛሬ መጣ። ልጆቹን አሰለፈና፦

«ማንም የፈለገውን ያስብ። ቤቱ ይናገር፣ መንገድ ላይ ይናገር። እዚህ ግን አዳራሹ የኔ ነው። ማሊያው የኔ ነው። ፕላስተሩም የኔ ነው።»

«ጣቱስ?» አለች አምበሏ።

ሽቦ፣ ቀጭኗ አቀባያችን፣ ሳቋ አምልጧት አፏን በፎጣ ያዘች። ባለቤቱ አልተቆጣም። «ጣቱ ያንቺ ነው» አላት። «ሜዳ የሚያስገባው ግን እኔ ነኝ። ስፖንሰሩ ነገ ጥሎን ቢሄድ ስልሳ ቤተሰብ ነው የሚበተነው። ስልሳ!»

ልክ ይመስለኛል። ልክ ነው? መጥፎ ሰው አይደለም። ነፍሷን ይማርና፣ ሚስቴ ሆስፒታል ሳለች መኪናውን ከነሹፌሩ ሁለት ወር ሙሉ የሰጠኝ እሱ ነው። ይሄ ይረሳል? እኔ ደግሞ ፖለቲካ አልወድም። የኔ ሥራ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ነው።

ግን «ጣቱስ?» ያለችው ነገር ቀኑን ሙሉ ስትከነክነኝ ዋለች።

ጥር 13

ዛሬ ሰባት ልጆች። 16።

እስክሪብቶዬን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። የራሳቸውን ይዘው መጥተዋል። አፈርኩ... አወጣሁት። ማንም አልጠየቀኝም፣ እንዲሁ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዋለ።

እትዬ በቴሌቪዥን አይታ ጠበቀችኝ። «በሰው ቤት ምን አገባት? ክፍሌ ውስጥ አንዷ ተነስታ እንዲህ ብታደርግ ጆሮዋን ይዤ ነበር የማስወጣት።»

«የታሰሩት እኮ ተማሪዎች ናቸው፣ እትዬ።»

«እሱን ማን ካደ?» ሳህኖቹን ከወትሮው በላይ እያንቋቋች አጠበች።

ጥር 16

ባለቤቱ ቢሮው አስጠራኝ። «ዶክተር» አለኝ። ዶክተር ሲለኝ ነገር አለ ማለት ነው። የጤና መዝገቡን ይዤ እንድመጣ አስቀድሞ አስነግሮኛል። ተቀበለኝና የአምበሏን ገጽ ገለጠ።

«ይሄ የእጅ ጽሑፍህ ነው?»

«ነው።»

«እንግዲያው ትከሻዋን አሟታል።»

«ደክሞ ነበር ጌታዬ። የሁለት ቀን እረፍት ነው ያዘዝኩት። አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጨዋታ ተጫውታለች እኮ።»

«ብሶባት ይሆናላ።»

«ትናንት አይቻታለሁ። ምንም የላትም።»

ፈገግ አለ። «ዶክተር፣ ዋሽ አልኩህ? አላልኩህም። ጻፍ አልኩህ? አንተው ጽፈሃል።» ገጹን ፎቶ ኮፒ አስደረገና መዝገቡን መለሰልኝ። ሻይ አስመጣልኝ። እኔም ቁጭ ብዬ ጠጣሁ! ስኳር ጨምሬ!

ከሰዓት በሬዲዮ፦ አምበሏ በትከሻ ጉዳት ከቀሪው የውድድር ዘመን ውጭ ሆናለች። ጉዳቱን የቡድኑ ወጌሻ አረጋግጧል።

ወጌሻው እኔ ነኝ።

ጥር 17

ገና በሩን ከመክፈቴ መጣች። አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ ታምሜያለሁ እንዴ?»

ፎጣ ማጠፍ ጀመርኩ። ኳስ አንስታ በቀኝ እጇ ግድግዳውን ትደበድብ ጀመር። ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ... ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ አልጋው ላይ ቁጭ አለችና ትከሻዋን አዞረችልኝ። «የት ጋ ነው የሚያመኝ? አሳየኝ።»

«እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም፣ ልጄ።»

«አልጻፍክም። አልጻፍኩም ብለህስ ተናገርክ?»

ሰኔ ላይ ውሏ ያልቃል። ትከሻዋ የተበላሸ መቺ ማን ይወስዳል? ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሌላ ሙያ የላትም። ይሄን ሳስብ እሷ ግን ሌላ ነገር ተናገረች። «ቢያግደኝ እኮ አይከፋኝም። ቡድኑ የሱ ነው፣ ያግደኝ። አገድኳት ይበል። ሰውም ለምን ይበል፣ እኔም መልስ ይኑረኝ። ታማለች ሲል ግን አፌን ነው የዘጋው። ለታመመ ሰው እግዜር ይማርሽ ይባላል እንጂ ማን ለምን ብሎ ይጠይቃል?»

ኳሱን አስቀምጣ ወጣች። አጥፌ የጨረስኩትን ፎጣ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩ።

ጥር 18

ቁም ሳጥኑን ሦስቴ አደራጀሁ። የሚረባ ሥራ አልሠራሁም።

ጥር 19

እሁድ። ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን። እትዬ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ታየኛለች።

«ዋሸህ?»

«አልዋሸሁም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ወለሉን የምትፈጀው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ሻዩንም ጭምር። ለባለቤቱ ታደላለች ብዬ ነበር፣ እስካሁንም የሱ ጠበቃ ነበረች። ጋዜጣዋን አጠፈች። «እኔ ተማሪ አስወጥቼ አውቃለሁ» አለች። «ብዙ። ለምን አስወጣሻት ያለኝ ወላጅ ሲመጣም ቆሜ መልሻለሁ። አስወጥቻት ስታበቃ ግን ታማ ቀረች ብዬ ጽፌ አላውቅም።»

ምሳዬን በቅጡ አልበላሁም።

ጥር 20

ሄድኩ። ሳይጠራኝ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ጸሐፊዋ እንኳ ግራ ገባት።

«ጌታዬ፣ የሬዲዮው ነገር ይስተካከል።»

ቁጭ በል አለኝ። አልተቀመጥኩም። እሱ ረጋ ብሎ ተናገረ፦ «ባግዳት ጋዜጣው ይጮህብኛል። ባላግዳት ስፖንሰሩ ይሄዳል። ከላይም ስልክ ይደወላል። እሷን አልጎዳሁም፣ ደሞዟ አይቋረጥም፣ ቤቷ አርፋ ትቀመጥ። ልጠይቅህ፦ አለማሰለፍ መብቴ ነው አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ መብቴን ለስለስ አድርጌ ብጠቀምበት ምን አጠፋሁ?»

በቃኝ ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ስደርስ ነው መልሱ የመጣልኝ፦ መብትህ ከሆነ ለምን በኔ እጅ? ለምን በሷ ትከሻ? ልመለስ ብዬ ሁለት ደረጃ ወጣሁ... ተመልሼ ወረድኩ። ፈሪ ነኝ። ይሄ እዚህ ይጻፍ።

ጥር 23

እንደምንም ልጻፈው።

ከጨዋታ በፊት የፌዴሬሽኑ ቅጽ አለ። የተመዘገበች ተጫዋች ሁሉ፣ ብትሰለፍም ባትሰለፍም፣ ከስሟ ትይዩ የጤናዋን ሁኔታ ወጌሻው በገዛ እጁ ይሞላል፣ ይፈርማል። አስራ አንድ ዓመት «ደህና» ብዬ ከላይ ጀምሬ እስከ ታች መስመር ስስብ ኖሬያለሁ። ማንም አያነበውም። እኔም አላነበውም።

ዛሬ አሰልጣኙ አጠገቤ ቆመ። «የሷን 'ጉዳት' በላት» አለኝ በሹክሹክታ። ቀና ስል አምበሏን አየኋት፤ የዘወትር ልብሷን ለብሳ ተመልካች መሀል ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለችው ሴትዮ ትከሻዋን እየዳበሰች ታጽናናታለች። እሷ ዝም ብላ ትዳበሳለች።

አልቻልኩም። ይሄኛውን ማየት አልቻልኩም።

«ደህና» ብዬ ጻፍኩ። ደግሞ ከግርጌው፦ «ትከሻዋ ጉዳት የለበትም። ጥር 6 የጻፍኩት የሁለት ቀን እረፍት ብቻ ነው።» ፈረምኩ። አሰልጣኙ «ጨረስከን!» አለ። ቅጹን ለጨዋታው ኮሚሽነር ሰጠሁ። ለወትሮው ሳያይ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ሁለቴ አነበበ።

«ደህና ከሆነች ለምን አትሰለፍም?»

«ባለቤቱን ይጠይቁ።»

የተናገርኩት ቀስ ብዬ ነበር። ከኋላዬ ግን ጋዜጠኛዋ ቆማለች ለካ! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግርግር ነው። ባለቤቱን ከበቡት። መጀመሪያ ሊሄድ ፈለገ። ከዚያ ቆመ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ማይክሮፎኑን ራሱ ያዘው። «አልታመመችም። እኔ ነኝ የከለከልኳት። ቡድኑ የኔ ነው፣ በቡድኔ ፖለቲካ አልፈልግም።» የሚያጨበጭብም ነበር፣ የሚጮህም ነበር። አምበሏ ተነስታ ቆመች፤ ማይክሮፎኑ ወደሷ ዞረ። «እንግዲያው ለምን እንደከለከለኝ ልናገር» አለች። ተናገረች። 26 አለች፣ ቀኑን።

በሦስት ለባዶ ተሸነፍን።

ጥር 24

ቁልፍ አስረከብኩ። ባለቤቱ አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ በወደድኩ። «በመኪናዬ ነበር የምትመላለሰው» አለኝ ብቻ። እውነቱን ነው። «አልረሳሁም» አልኩት። እጁን ዘረጋሁለት... አልጨበጠኝም።

መቀሶቼን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የራሴ ናቸው።

የካቲት 4

ሳሎኑ ታማሚ ማያ ሆኗል። እትዬ በር ላይ የሰዓት ዝርዝር ለጥፋለች፣ አርፍዶ የመጣውን ትገስጻለች። ዛሬ አንድ የአውቶቡስ ሹፌርና ወገቡን የያዘው ቀለም ቀቢ። ሁለቱም ስለኔ ሰምተዋል። ሹፌሩ «ጀግና ነህ» አለኝ፣ ቀለም ቀቢው «እንጀራህን በገዛ እጅህ ደፋህ» አለኝ። ሁለቱንም አገላብጬ አሸሁ።

አዳራሹ ይናፍቀኛል። በልምምድ ሰዓት እግሬ ብድግ ይላል። ተማሪዎቹ ግማሾቹ ተፈቱ ይባላል። ሽቦና ሌሎች ሁለት ልጆችም ታግደዋል፣ በግልጽ፣ በደብዳቤ። ፌዴሬሽኑ «የባለቤት መብት እስከምን ድረስ ነው?» እያለ ስብሰባ ላይ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? አላውቅም። እውነት አላውቅም።

የካቲት 21

አምበሏ መጣች። ባለቤቱ ከውሏ ለቋታል፤ ከሌላ ከተማ ቡድን ጠርቷታል፣ ከነገ ወዲያ ውል ሊፈራረሙ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ የጤና ወረቀት፣ ያውም ከኔ። «ያ ወጌሻ ከጻፈልሽ ሌላ ምርመራ አንፈልግም አሉ» ብላ ሳቀች። እትዬ እንኳ ከጓዳ ብቅ ብላ ፈገግ አለች።

አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ቀኝ ትከሻዋን ያዝኩ። ክንዷን ወደላይ ስወስደው ፊቷን አዞረች። እንዳላይ ነው። እንደገና ወሰድኩት። ጥርሷን ነከሰች።

«ምን ስትሠሪ ነበር?»

አዳራሹ ከተከለከለች ወዲህ ብቻዋን ነው የምትለማመደው። ከሲሚንቶ ግድግዳ ጋር፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ሳታሟሙቅ፣ የሚያሻት ሰው ሳይኖር። ጅማቱ አብጧል። አሁንስ ጉዳቱ እውነተኛ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና ናት በል። እዚያ ከገባሁ በኋላ አርፋለሁ።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቀረሁ። ባለቤቱን እንቢ ያልኩ ሰው እሷን እሺ ልበል? ለሷ እኮ ነው... ለሷ ቢሆንስ? ደህና ብዬ ብጽፍ በሁለት ሳምንት ትከሻው ይበጠሳል፣ ጨዋታ ያበቃል። እውነቱን ብጽፍ፣ ምናልባት ነገ አዲሱ ቡድን ይተዋታል። «አልችልም፣ ልጄ» አልኳት።

በጣም ተናደደች። ተነሳች፣ ጫማዋን ማሰር ጀመረች፣ በአንድ እጅ አቃታት። ጎንበስ ብዬ አሰርኩላት። እንባዋ እጄ ላይ ጠብ አለ። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ከዚያ መልሳ ተቀመጠች።

«ስንት ሳምንት?»

«ሦስት። ከተንከባከብሽው አራተኛው ላይ ትመቻለሽ።»

«በል ጻፈው» አለች። «ሌላ ሰው ከሚጽፈው።»

ጻፍኩ። ልፈርም ስል እጄ ቆመ። ወረቀቱን አዞርኩና ለሷ ሰጠኋት፣ አንብቢው አልኳት። አስራ አንድ ዓመት የልጆቹን ገላ ስጽፍ ኖርኩ። ለአሰልጣኝ አሳይቻለሁ፣ ለባለቤት አሳይቻለሁ። ለራሳቸው አሳይቼ አላውቅም።

ቀስ ብላ አነበበች። አንድ ቃል አስተካከለችኝ፣ «አብጧል» ያልኩትን «ትንሽ አብጧል» በለው አለች። ትንሽ ነው? ዳሰስኩት። ትንሽ ነው። ጨመርኩበትና ፈረምኩ።