ዝግጁ ናችሁ ተብለን የውሃ ቦቴ ሊነሣብን ስለመሆኑ

ለክቡር ሙሴ ኒዛር
የዝግጁ መንደሮች ምዘና ክፍል ኃላፊ
ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ የቢሮዎን ማቀዝቀዣም ሳይበላሽ እንድታገኝ ምኞቴ ነው። ቤተሰብዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። እኛ የሃያብለ ሰፈር ሰዎች ግን፣ እናንተው እንዳረጋገጣችሁልን፣ ከማንም ይልቅ ደህና ነን።

በአማርኛ ስለጻፍኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ፈረንሳይኛ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ማንበቡንም የተማርኩት ሟቹ ባለቤቴ ከባቡር ጣቢያ ይዞልኝ ይመጣ ከነበረው አሮጌ ጋዜጣ ነው። ደግነቱ ሰፈራችንን የመዘኑት አቶ ታዬ ከኢትዮጵያ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸውና አማርኛውን ያነቡልዎታል። ምናልባት የሚዘሉት መስመር ቢኖር ብዬ ቅጂውን በቤተ ክርስቲያናችን ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በሱቃችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የምዘና ውጤት እንደሚለው፣ ለክፉ ቀን ተዘጋጅቶ፣ ከመንግሥትም ከዘመድም ሳይጠብቅ፣ ጓሮውን እያለማ ራሱን ችሎ ለመኖር በከተማዋ እንደ እኛ ሰፈር የሚመች የለም። ስለዚህም ሙቀቱ ሲገባ የውሃ ቦቴው ከእኛ ተነሥቶ «ገና ላልተዘጋጁ» ሰፈሮች ይሰጣል። ስለተሰጠን ክብር ምስጋናችን ወሰን የለውም። ሆኖም ባለማወቄ ያልገቡኝ ጥቂት ነጥቦች ስላሉ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ሰፈራችን ከከተማው ራቅ ያለ ስለሆነ በክፉ ቀን ሕዝብ አይጎርፍበትም ተብሎ ከፍ ያለ ነጥብ አግኝቷል። እውነት ነው። በደጉም ቀን የሚጎርፍ የለም፤ ሚኒባሱ እንኳን እኛ ዘንድ ሲደርስ ያመነታል።

፪. መሬታችን ድንጋይ በመሆኑ ወራሪ አይመኘውም ተብሏል። በዚያው ገጽ ላይ፣ ከሥር፣ ለጓሮ አትክልት ተስማሚ ነው ተብሏል። ሁለቱን ያስታረቀውን ሰው ብንተዋወቅ ደስ ባለኝ ነበር፤ በሰፈራችን የማይነጋገሩ ባልና ሚስት አሉ።

፫. ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

አቶ ታዬ የሚመጡ ቀን የሰማነው «እንግዳ ይመጣል» የሚል ነው። መዛኝ ይመጣል ያለን የለም። በእኛ ዘንድ ደግሞ እንግዳ የጎረቤትን ባዶ ቤት አያይም፤ ያለው ለሌለው ያውሰዋል፣ እንግዳው ሲወጣ ይመለሳል። ያን ቀን በመንገዳችን ላይ የሞላ በርሜል የነበረኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ውሃ ለጠየቀኝ ሰው እምቢ የማልልበት የራሴ ምክንያት አለኝ፤ እሱ ክቡርነትዎን አይመለከትም። ስለዚህ አቶ ታዬ አንዱ ቤት ሻይ ሲጠጡ፣ ሴቶቹ በርሜሌን በጋሪ ጭነው በጓሮ በኩል ወደሚቀጥለው ቤት ይገፉ ነበር። የጎረቤቴ የወይዘሮ ኡሙልኸይር ፍየሎችም ከኋላው ይከተላሉ። እኔ መቼም ፈሪ ነኝና «ኧረ ይነቃብናል» ብላት፣ «አንቺ ሴት፣ ዝም ብለሽ ግፊ! ሰውዬውን ባዶ ቤት ላስገባው እንዴ? ነገ እናቱ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» ብላ ተቆጣችኝ።

አልነቃብንም። አቶ ታዬ በየቤቱ አንድ ሙሉ በርሜል ውሃና መንጋ ፍየል መዘገቡ። ያልነቁት ግን ዐይናቸው ስላላየ አይደለም። የበርሜሌ ክዳን ስለጠፋ የምከድነው በቀይ የድስት ክዳን ነው፤ በውጤቱ ላይ «ነዋሪዎቹ በርሜሎቻቸውን በቀይ ክዳን የመሸፈን የጋራ ባህል አላቸው» ተብሎ ተጽፏል። ከፍየሎቹም አንዷ በልጅነቷ አንድ ጆሮዋን ውሻ በልቶባታል፤ አሁን «በአካባቢው አንድ ጆሮ ያላቸው ፍየሎች በብዛት ይረባሉ» ይላል። ለሳይንስ ያደረግነው አስተዋጽኦ ነውና ክፍያ አንጠይቅበትም። የሚገርመኝ አቶ ታዬ ራሳቸው ናቸው። ሻይ ሲጠጡ እንዳጫወቱን፣ እናታቸው እንግዳ ሲመጣባቸው የጎረቤት ሰሃን ይዋሱ ነበር፣ ሰሃኑን የሚመልሱትም እሳቸው ነበሩ፤ ይህን እንዴት ረሱት?

፬. በመጨረሻው ገጽ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ታላቅ አደጋ ቢመጣ የክፍላችሁ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው በሃያብለ እንዲጠለሉ ሐሳብ ቀርቧል። እንኳን ደህና መጣችሁ። ርቀታችን ሕዝብ አያስጎርፍም ተብሎ የተመሰገነው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይሻማችሁ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁም። የወይዘሮ ኡሙልኸይር ምራት ናዒማ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳ የምትወልደው ልክ ቦቴው በሚነሣበት ሰሞን ነው። ከቆርቆሮ ሥር፣ በዚያ በበጋው ትኩስ ነፋስ፣ አራስና ሕፃን ያለ ውሃ የሚሆኑትን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ የዚህ ከተማ ልጅ ነዎት። በርሜሌ የሚሞላውም በዚያው ቦቴ እንጂ ከሌላ ቦታ አይደለም። ቦቴው ከቀረ የምናዋሰውም የለንም።

ይህን ለመጻፍ ቀላል አልነበረም። ጎረቤት የሸፈነውን ጎረቤት አይገልጥም፤ እኔ ግን ዛሬ የመንገዳችንን ገመና ለአገር ገለጥኩት። አስቀድሜ ሴቶቹን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። ኡሙልኸይር ግን «ጻፊው!» አለች፤ «ውርደቱ እኔን ነው የሚያቃጥለኝ፣ ጥሙ ግን ሕፃኑን ነው።» ስለዚህ ይኸው፦ ባዶ ነን። ያያችሁት አንድ በርሜልና አንድ መንጋ ነው፤ ሌላው ቤት ሁሉ የተዋሰው ነበር። ቦቴውን ይተዉልን፤ የዝግጁነቱን ማዕረግ ደግሞ በደስታ እንመልሳለን፣ ለሚገባው ይስጡት።

ስለ ባዶነታችን አፍሬ፣ ስለ ነጥባችን ግን አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ጆሮዎን ስላዋሱኝ እጅ የምነሣ፣
የክቡርነትዎ ታዛዥ ጎረቤት፣
ዘቢደር፣ የሟቹ የአቶ ፍስሐ ባለቤት
ከሃያብለ

ማስታወሻ፦ ናዒማን «ምን ልጨምርልሽ?» ብላት በሣቅ ፈረሰች፤ ከዚያ ሣቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ቦቴው ከቀረ ምጤ ሲመጣ ወደ እነዚያ ሰዎች ቢሮ ውሰዱኝ፣ ግቢያቸው ቧንቧ አለ» አለችኝ። ሴቶቹ ተስማምተዋል፤ ጋሪ የምትገፋዋም ተመርጣለች። ስለዚህ ምንጣፍ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትንሽ ጥላ ያለው ቦታ አስቀድመው ያሰናዱልን። የዝግጁነት መሥሪያ ቤት ሳይዘጋጅ ቢገኝ ለእናንተ አፍራለሁ።