አባዬና አልጠራ ያለው ሙዚቃ

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ሥራህ፣ እንቅልፍህ፣ ያ የሚነዘንዝህ ወገብህስ እንዴት ነው? ባለቤትህና ልጆቹ ደህና ናቸው? የፀጉርህንም ጤና ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ግን የሄደን ሰው ደጋግሞ ማንሳት ሐዘን ይቀሰቅሳል ብዬ ተውኩት። አትቆጣ፣ ፀጉር ሠሪ እህት ያለችው ሰው ይህን መቻል አለበት። እኛ እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ቆሜ እየዋልኩ እግሬ ከማበጡ በቀር እኔም ምንም አልሆንኩ።

በስልክ ያልነገርኩህ ሳልጨርስ ስለምታቋርጠኝ ነው። ራስህም ታውቀዋለህ፤ ገና ነገሩን ሳልጀምረው አንተ ፈርደህ ትነሳለህ። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ስለዚህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብብልኝ፤ ጉዳዩ የአባዬ ነው።

አትደንግጥ፣ ደህና ነው። በወሩ መጨረሻ መጥቼ ወደ እኔ እወስደዋለሁ፣ ቤቱም ይከራያል ያልከውን አልረሳሁትም። እኔም ተስማምቼ፣ ቀስ ብዬ አሳምነዋለሁ ብዬህ ነበር። እማዬ ካረፈች ወዲህ ያ ሰው ምን እንደሆነ አይተሃል። መጋረጃ አይከፍት፣ ከሰው አይጫወት፣ ብጠይቀው መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ። ያኔ እውነትህን ነበር።

ታዲያ የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ አንተው ነህ! ጊዜ ታሳልፍለት ብለህ የላክሃት ትንሽ ሳጥን ትዝ ትልሃለች? ያቺ ሙዚቃውን ከስልክ ያለ ሽቦ እየተቀበለች ለአምፕሊፋየር የምታቀብለው? ርካሽ ናት፣ ግን ለእሱ ትበቃዋለች ብለኸኝ ነበር። አባዬ ከካርቶኑ ሲያወጣት ወንድምሽ የሳሙና ማስቀመጫ ላከልኝ እንዴ አለ። ለይሉኝታ ሲል ብቻ ሳሎን ካለው ከድሮው አምፕሊፋየርና ከሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ጋር አገናኛት። ድምፅ ወጣ። ግን ምን ዓይነት ድምፅ! ከሥር እምምም እያለ ይጮሃል፣ ዘፋኙ ደግሞ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። አባዬ ግድ አልሰጠውም፤ ለማዳመጥም እኮ ልብ ያስፈልጋል።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እኔ እዚያ ሳለሁ በር ተንኳኳ። ግድግዳ የምንጋራቸው፣ በቅርብ የገቡት ጎረቤት ናቸው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህርት። ቀንሱልን ሊሉ ነው ብዬ አስቀድሜ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። የለም፣ ያስቸገረኝ ጩኸቱ አይደለም አሉ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ጩኸት ችያለሁ፣ እኔን ያመመኝ የድምፁ መጥፎነት ነው አሉ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባዬ ግን ሳቀ! ወንድም ጋሼ፣ ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ይግቡና የትኛው ጋ እንደሚያምዎት ያሳዩኝ አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም፣ ወርክሾፕ ነው። መጀመሪያ ያን እምምም የሚለውን ያዘ። ጥፋቱ ከሳጥኗ ጋር የመጣው ቀሽም ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ ኤሌክትሪኩን አጥርቶ አይሰጣትም። በምትኩ ጡብ የሚያህል ደህና ፓወር ሰፕላይ ገዝቶ ሲገጥምላት ጩኸቱ ቀጥ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት መምህሯ ተጠሩና ሶፋው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ጉንፋኑ ለቆታል፣ አሁን ደግሞ በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ ነው የሚዘፍነው አሉ። አባዬ እሺ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያነብ፣ ሲጠይቅ ሰነበተ። ለካ ሳጥኗ ሙዚቃውን የምትቀበለው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ መቀየሩን ግን እንደ ነገሩ ነው የምትሠራው። ስለዚህ ያንን ብቻ የሚሠራ ሌላ ሳጥን ገዝቶ መሐል አስገባ። ብርድ ልብሱ ተገፈፈ።

ከዚያ ሳጥኗን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥቶ ወደ መደርደሪያው ወሰዳት፤ ሙዚቃው መቆራረጡን ተወ። እኔም አስተዋፅኦ አለኝ፣ እንዳትንቀኝ! ስልኩ ኢንተርኔት ለመቆጠብ ብሎ የሚልከው ዝቅተኛውን ጥራት መሆኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንዲት ነገር ነካሁና ሁለቱም አጨበጨቡልኝ። የልጅነት ሽልማት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

በየቅዳሜው ፈተና አለ። አባዬ ከመምህሯ ጀርባ ሆኖ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ይሰካና የቱ ይሻላል፣ የፊተኛው ወይስ የኋለኛው ይላል። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ድምፁ እየተሻለው መሄዱ እውነት ነው፤ እኔ እንኳ ከፀጉር ማድረቂያ ጩኸት በቀር ሌላ የማያውቅ ጆሮ ይዤ ለውጡ ይሰማኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መምህሯ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው፣ አንድ ነገር ይቀረዋል ይላሉ። አባዬም አዎ፣ እኔም ይሰማኛል ይላል። ያ አንድ ነገር ግን የሚገኝ አልሆነም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ብዬ ስቄባቸዋለሁ።

በዚህ መሐል መጋረጃው ተከፈተ። ጢሙን መላጨት ጀመረ፤ ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ፀጉሩን ሳስተካክለው፣ ትንሽ ቀለም ቢነካው ምን ይመስልሻል ብሎ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። የሰው ሁሉ ምስጢር እኔ ወንበር ላይ ይዘረገፋል፣ የገዛ ቤቴን ግን አላየሁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እኔ ሞኟ ከሐዘኑ ወጣልኝ ብዬ ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሁን ወዳለፈው ቅዳሜ ልምጣ። ደንበኛ ቀርታብኝ ቀደም ብዬ ሄድኩና በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። አባዬ አላየኝም። ካቻቪቴ ይዞ ከቀኙ ስፒከር ጀርባ ተንበርክኳል። ቀዩን ሽቦ ከቀዩ ቀዳዳ ነቅሎ ጥቁሩ ውስጥ ከተተው፤ ጥቁሩን ደግሞ ቀዩ ውስጥ። ወንድም ጋሼ፣ ቀይ ለቀይ፣ ጥቁር ለጥቁር መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። አባዬ ደግሞ ማን ነው? ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲቀጥል የኖረ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በመቶ የሚቆጠር ሽቦ በዳበሳ የሚለይ ሰው ነው።

ወጥ ቤት ገብቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። በቃ አእምሮው እየተወው ነው አልኩ። ዛሬ ሽቦ አምታታ፣ ነገ ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፤ ወንድም ጋሼ ልክ ነበር አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ስምህን ከፍቼ ነበር። ወሩ እስኪያልቅ አትጠብቅ፣ ነገውኑ ናና ውሰደው ልልህ ነበር። ግን እሱ መጥቶ፣ መጣሽ እንዴ ብሎ ግንባሬን ስሞኝ እያፏጨ ሊላጭ ገባ። እንግዳዋ ፊት እንዳያፍርብኝ ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው አልኩና ሄጄ ሽቦዎቹን በየቦታቸው መለስኩ።

መምህሯ መጡ፣ ተቀመጡ፣ አባዬ ዘፈኑን ከፈተው። የፈጣሪ ያለህ! ዘፋኙ ከስፒከሮቹ ወጥቶ ምንጣፉ መሐል የቆመ መሰለኝ። ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ይሰማል፤ ከበሮው ደግሞ ደረቴ ላይ ነው የሚመታው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ደስታቸውን ልይ ብዬ ዞር ስል፣ መምህሯ ዓይናቸውን ገልጠው ጣሪያ ያያሉ። አባዬ አንድ ጊዜ ስፒከሩን አንድ ጊዜ እኔን ያያል፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

ዘፈኑ አለቀ። መምህሯ ቀስ ብለው፣ እንግዲህ ምንም አልቀረውም አሉ። አባዬም አዎ፣ አለቀ እንግዲህ አለ። እሳቸው ቦርሳቸውን አነሱ፤ እሱም ለመሸኘት መነሳቱን ረስቶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀረ። በጥሩ ድምፅ ሁለት ሰው እንዲህ ሲያዝን አይቼ አላውቅም።

እኔ ሸኘኋቸው። ኮሪደሩ ላይ እጄን ያዝ አደረጉና፣ ሽቦውን የነካሽው አንቺ ነሽ አይደል አሉኝ። ክው አልኩ። ተገላብጦ እንደነበር በምን አወቁ ብላቸው፣ ልጄ፣ እኔ እኮ ጆሮ አለኝ አሉ። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ሲስብ፣ ዘፋኙ ለሁለት ተቀዶ እዚህና እዚያ ጥግ ሲበተን እንዴት አይሰማኝም አሉ። ሁለተኛው ሳጥን ከተገጠመ ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ነው፤ በሌላው ቀን ግን በግድግዳው በኩል ስሰማው ልክ ነው፤ እሱ አውቆ ነው የሚያደርገው አሉኝ። አባትሽ ሳይሉ እሱ ያሉት ራሳቸው ናቸው፣ እኔ አልጨመርኩም። ታዲያ ለምን ዝም አሉት ስላቸው ዓይናቸውን ወደ በራቸው መልሰው፣ ብናገር ኖሮ በዚያው ቀን ያልቅ ነበር አሉ። ቀጥለውም እባክሽ ልጄ፣ እንደነበረ አድርጊልን ብለው ገቡ።

ዘነጋ ብዬ ያለቀስኩለት ሰውዬ ከሁላችንም ይልቅ ብልጥ ሆኖ ተገኘ! ብቻዬን ኮሪደሩ ላይ ስቄ ስቄ፣ ዓይኔን ጠርጌ ገባሁ። ከስፒከሩ ጀርባ አቧራ አለ፣ ልጥረገው አልኩት። ተንበርክኬ ቀዩን ጥቁሩ ውስጥ፣ ጥቁሩን ቀዩ ውስጥ አደረግኩ። ከዚያ ሙዚቃውን ትንሽ ከፈትኩና፣ አባዬ፣ እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር የሚቀረው ይመስለኛል አልኩት። ረጅም ጊዜ አየኝ። ጆሮው ቀላ። አዎ፣ እኔም ተሰምቶኝ ነበር፣ ቅዳሜ መምህሯ ይስሙት አለና አቧራ የሌለበትን የፓወር ሰፕላይ ሽቦ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ።

እንግዲህ ወንድም ጋሼ፣ የምለምንህ ይህን ነው። አባዬን አትውሰድብን። ቤትህ ሰፊ ነው፣ ልጆችህም ይወዱታል፣ አውቃለሁ። ግን እዚያ ሽቦ የሚያገላብጠው ለማን ብሎ ነው? ልትጠይቀኝ የምትፈልገውን ደግሞ ከወዲሁ አውቄዋለሁ፤ እማዬስ ትላለህ። እኔም ብያለሁ። ያን ምሽት አልጋዬ ላይ ሆኜ ተናደድኩ፣ እውነቱን ልንገርህ። ከዚያ እሷው ብትኖር ኖሮ በዚያ በተዘጋ መጋረጃ ስንት ትቆጣው እንደነበር አሰብኩና ንዴቴ በረደ። የምትወደው ሰው ጨለማ ውስጥ እንዲቀመጥ እማዬ አትፈልግም።

ትናንት ልጠይቀው ስሄድ የእማዬን ልብሶች አልጋው ላይ አጣጥፎ ደርድሯቸዋል። ሰማያዊው ካፖርት ለባለቤትህ፣ ሹራቦቹ ለእኔ፤ ቀሚሶቹን ተካፈሉ አለ። ድምፁ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ። ምነው አሁን ብዬ ስጠይቀው፣ ቁም ሳጥኑ ተጨናንቆ ነው አለኝ። የራሱን ልብስ ሁሉ ወደ ቀኝ ጠጋ ጠጋ አድርጎ ሰቅሎታል። በግራ በኩል የተለቀቀው ቦታ ተወልውሏል፤ ከሱቅ የመጡ አዳዲስ መስቀያዎችም ተደርድረውበታል።

ስለዚህ ና፣ ግን በእንግድነት ና። ሳሎን አነጥፍልሃለሁ። ቅዳሜ ከደረስክ ሙዚቃው ቢበላሽብህም እንዳትናገር። ኮትህን ደግሞ ወንበር ላይ አድርገው፤ በግራ በኩል ያሉትን መስቀያዎች እንዳትነካ።

ልጆቹን አገላብጠህ ሳምልኝ። መንገድህ ቀና፣ ወገብህ ደህና ይሁን፤ ቤትህ ከሳቅ አይጉደል።

እጅግ የምትወድህ፣ ወሬ የምታበዛው
ታናሽ እህትህ