ወደ ጎርፋው የተመለሰው ወተት

ለተወደድከው ልጄ ለከተማ ወልደገብርኤል፣
አዲስ አበባ።

የዓይኔ ብርሃን፣ የሽምግልናዬ ምርኩዝ ልጄ ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ በክረምት ያስጨነቀህ ሳል ለቀቀህን ወይስ የማተሚያ ቤቱ የእርሳስ ሽታ እንደ ገና ቀሰቀሰው? ምግብህ ይስማማሃል? እንቅልፍህስ ይበቃሃል? የሥራ ጓደኞችህ፣ ያከራዩህ ደግ ሴትዮ፣ በሰንበት አብረውህ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙት የአገራችን ሰዎች ሁሉ ደኅና ናቸው? ሰላምታዬ ከሊበን ሜዳ ተነሥቶ የክብረ መንግሥትን ዳገት ወጥቶ፣ አቧራውንም ጭቃውንም ተሻግሮ፣ በጤና ያግኝህ።

እኛ ደኅና ነን ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ደጋግሜ አነሣሁ፤ ደጋግሜም መልሼ አስቀመጥኩት። ዕድሜዬን በሙሉ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስኖር ያልሆነውን ሆነ ብዬ ጽፌ አላውቅምና፣ ዛሬ ለገዛ ልጄ ልጀምረው አልወደድኩም። ባለቤትህ ጉያቱ ታማለች። እሷ ግን እንዳልነግርህ አጥብቃ ለምናኛለች። «አባባ፣ ከተማ ሥራ ላይ ነው፤ ፊደል የሚለቅም ሰው ሐሳብ ከገባው ይሳሳታል፤ እንዳይጽፉለት» አለችኝ። ዝም አልኩ እንጂ እሺ አላልኩም። ዝምታና እሺታ በሕግ ፊት የተለያዩ ናቸው።

ሕመሟ እንዲህ ነው። ቀን ቀን ደኅና ትውላለች፤ ትስቃለች፤ ከእናትህ ጋርም ትጨቃጨቃለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ይበርዳታል፤ ብርዱ ሲለቃት ያተኩሳታል፤ ሲነጋ ልብሷ በላብ ርሶ ይገኛል። ወገቧንና መገጣጠሚያዋን ይቆርጣታል። ሁላችንም ወባ ነው አልን፤ የወባ ክኒንም ዋጠች። ትኩሳቱ ጥቂት ሰንብቶ፣ የረሳው ዕቃ እንዳለው እንግዳ፣ ተመልሶ መጣ። አሁን ስድስተኛ ወሯን ይዛለችና ነገሩ እንዴት እንደሚያስጨንቀን አንተው ታውቀዋለህ። የዓምናው ፅንስ የጠፋባትም በዚሁ ወር ነበር።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ወደ ዳለቲ ልመለስ። አንተ ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ከመሄድህ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ የጉያቱ አጎት ዳዳቻ ነድቶ ያመጣልንን ያችን ነጭ ላም ማለቴ ነው። «ዓምና የጠፋው ልጅ በወተት እጦት ነው፤ ዘንድሮ ግን የወንድሜ ልጅ ወተት አጥታ አትወልድም» ብሎ በረታችን ውስጥ ሲያስገባት አጠገቤ ቆመህ ነበር። ደባሬ የሚሉትን ይህን የቦረና ልማድ አንተም ታውቀዋለህ፤ የምትታለብ ላም ለዘመድ ትዋሳለች፤ ተቀባዩም እንደ ገዛ ከብቱ ያያታል። ላሟን ያለ ምክንያት መመለስ ግን ዝምድናን መመለስ ነው። እኔ ከነጻነት በኋላ ከቡልጋ መጥቼ በዚህ ሜዳ ስሰፍር፣ አንድ ዘመድ ያልነበረኝ ሰው፣ ዘመድ የሆንኩት በእንዲህ ያለው ልማድ ነው።

ዳለቲ በጥቅምት ወለደች። ጥጃው ደካማ ነበር፤ እንግዴ ልጁም አልወጣ ብሎ ዘገየ። ጉያቱ እናቷ እንዳስተማረቻት እጅጌዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አወጣችው። እኔም ከበረቱ በር ላይ ቆሜ «እጅሽ ይባረክ» አልኳት። ይህን ምርቃቴን ዛሬ ሳስታውሰው ምላሴን ይመረኛል።

በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ የከብት በሽታ የሚመራመሩ ሰዎች መጡ። መሪያቸው ሰማታር የሚባል፣ በኦጋዴን ተወልዶ ባሕር ማዶ የተማረ፣ ቀጭን ጎልማሳ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ክፍል ሰጠው፤ እሱም ማይክሮስኮፑንና የብርጭቆ ቱቦዎቹን ደርድሮ የነገሌን ወተት ሁሉ ይፈትን ጀመር። የከተማው ሰው «ወተታችንን ሊቆጥር የመጣ» እያለ ይስቅበት ነበር። አሠራሩ ያስደንቃል። ከእያንዳንዷ ላም ወተት ጥቂት በቱቦ ይቀዳና አንድ ጠብታ ቀለም ያገባበታል። ቀለሙ ከወተቱ ጋር ተቀላቅሎ ቢቀር ላሟ ደኅና ናት። ወደ ላይ ወጥቶ ከስልባቦቱ ጋር ሰማያዊ ቀለበት ከሠራ ግን፣ ላሟ ጽንስ የሚያስወርድ በሽታ አለባት። በሽታው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው፤ ካልፈላ ወተትና ከላም እንግዴ ልጅ ወደ ሰው ይሻገራል፤ በሰው ላይም ወባ መስሎ ይኖራል። ይህን ሲያስረዳኝ ፊቴን አልተመለከተም፤ የዳለቲን ቱቦ ወደ መስኮቱ አንሥቶ ያይ ነበር። ቀለበቱ በወተቱ አንገት ላይ እንደ ሕፃን ማተብ ታስሮ አየሁት።

ሰማታር እንዲህ አዘዘን፦ ወተቱ ሳይፈላ እንዳይጠጣ፤ ዳለቲም ከሌሎች ከብቶች እንድትለይ። ደጋግሞ አስጠንቅቆን ወደ ያቤሎና ወደ ዱብሉቅ ጉድጓዶች ሥራውን ሊቀጥል ሄደ። ጉያቱ መጀመሪያ እምቢ አለች። ወተት እሳት ከነካው የላሟ ጡት ይሰነጠቃል ይላሉ የአገሯ አሮጊቶች። «የአጎቴን ላም ጡት እኔ ላሰንጥቅ?» ብላ አለቀሰች። እናትህ ጥሩነሽ ግን አባብላ እሺ አሰኘቻት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወተቱ ሲፈላ በገዛ ዓይኔ እያየሁ ልቤ አረፈ። እኛ ሽማግሎቹ በነቢያት ጾም ላይ ስለ ነበርን ወተቱን የምትጠጣው እሷ ብቻ ነበረች፤ ነፍሰ ጡር ናትና ካህኑ ፈቅደውላታል። ቀድሞ የጀመራት ትኩሳት ግን አልለቃት አለ። ወተቱ እየፈላ፣ በሽታው እየመጣ፣ እኔም ሰማታርን በልቤ እያማሁት፣ ገና ዐለፈ።

ጥምቀት እንዳለፈ ሰማታር ከዱብሉቅ ተመልሶ ሊጠይቀን መጣ። እናትህ ደስ ብሏት፣ ትእዛዙን እንደ ፈጸምን ልታሳየው፣ ከጎርፋው ቀድታ ወተት አቀረበችለት። ያን ጉያቱ ከእናቷ የወረሰችውን፣ ከቃጫ ጠልፈው የሠሩትን የወተት ዕቃ ታስታውሰዋለህ፤ ልጅ ሳለህ የዳዳቻ ቤት ስንሄድ ከመሰሉ ጠጥተህ አረፋውን በከንፈርህ ይዘህ ትሮጥ ነበር። ሰማታር ጽዋውን አንሥቶ አሸተተና መልሶ አወረደው።

«እማማ፣ ይህ ወተት ፈልቷል?» አላት።

«ምን ማለትህ ነው! ተንተክትኮ ነው የወጣው» አለችው።

«ከፈላ በኋላስ?»

«ከፈላ በኋላማ ወደ ቤቱ ተመለሰ።»

«ቤቱ የት ነው?»

«ጎርፋው ነዋ! ወተት ሌላ ቤት አለው እንዴ?»

ልጄ፣ የሰማታርን ፊት ብታየው ኖሮ! ጠዋት የታለበው ጥሬ ወተት በዚያው ጎርፋ ውስጥ ይውላል፤ ከዚያ ወጥቶ ይፈላል፤ ከፈላም በኋላ ወደዚያው ይገለበጣል። ጎርፋ ደግሞ በውኃ አይታጠብም፤ በወይራ ፍም ይታጠናል እንጂ። ጉያቱ ዐንገቷን ደፍታ ምስጢሯን ተናገረች፤ ወተቱን ወደ ጎርፋው የምትመልሰው እሳቱ ያስቀየመውን ወተት ጭሱ እንዲያስታርቀው፣ የዳለቲም ጡት እንዳይሰነጠቅ ብላ ነበር። ሁለቱንም ወገን ደስ ላሰኝ ስትል፣ ያፈላችውን ወተት ከጥሬው ጋር መልሳ ስታገናኘው ከርማለች። ሰማታር አልሳቀባትም፤ አልተቆጣትምም። እጁን በራሱ ላይ ጭኖ «የእናቴም ዕቃ እንዲህ ይታጠናል፤ ጢሱ ወተቱን ያጣፍጠዋል፤ በቃጫው ውስጥ የተደበቀውን ግን አይገድልም። ያጠፋሁት እኔው ነኝ፤ አፍሉ አልኩ እንጂ በምን አስቀምጡት አላልኩም» አለ። ትኩሳቷ ከእንግዴ ልጁ ይሁን፣ ከወተቱ ይሁን፣ ወይስ እውነተኛ ወባ ይሁን፣ ደሟ አዲስ አበባ ሄዶ ካልተመረመረ አይታወቅም ብሎም ነገረን። መድኃኒት አለው፤ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ግን በግምት አይሰጣትም።

በማግሥቱ ዳዳቻ ከከብቶቹ ጋር ከርሞ ከሩቅ ግጦሽ መጣ። እንደምታውቀው የቦረና ሰላምታ ከሰው አስቀድሞ ከብቱን ይጠይቃል። «ኦቦ ወልዴ፣ ናጋ? ሎን ናጋ?» አለኝ፤ ከብቶቹ ሰላም ናቸው ወይ ማለቱ ነው። ለዚህ ጥያቄ፣ አንበሳ በረት ገብቶ ያደረ እንኳ ቢሆን፣ መልሱ «ናጋ» ነው፤ ክፉው ወሬ ከተቀመጡ በኋላ ይነገራል። እኔ ግን «ናጋ» ሳልለው ወደ በረቱ ዞርኩ። ዳዳቻ በትሩን መሬት ላይ ተክሎ ተመለከተኝና «ዳለቲ ናት ወይስ ልጄ?» አለኝ። ሁለቱም ናቸው አልኩት።

መጀመሪያ ተቆጣ። «ወተት ሰው ያሳምማል የሚል ሰው ምን ጠጥቶ አደገ? እናንተ ደገኞች ውኃ ታፈላላችሁ፣ ቅጠል ታፈላላችሁ፤ አሁን ደግሞ ወተት ቀራችሁ!» አለ። ንዴቱ ሲበርድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዳለቲ ወደ እኛ ከመምጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ጽንስ እንደ ጣለች፣ ከመንጋውም ሌሎች እንደ ጣሉ ነገረኝ። ክፉ ዓይን ነው ብለው ነበር። የሰማታርን ቱቦ ሊያይ አብሮኝ ሄደ፤ ከዚያም ሰማታርን ወደ መንጋው ወሰደው። ላሞቹ በየተራ ሲታለቡ ዳዳቻ የእያንዳንዷን ስም ይጠራል፤ ቀለሙ ጠብ ይላል፤ እሱም ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ቀለበት ሲወጣ ያችን ላም በግንባሯ ዳስሶ ወደ ግራ ይነዳታል። ወደ ግራ የሄዱት ብዙዎች ነበሩ። ይህን ያህል የከበደው ሰው በፍርድ ቤት እንኳ አይቼ አላውቅም።

ዳለቲንም ወሰዳት። ገበያ ወስዶ እንዲሸጣት የመከረውን ሰው «የእኔ ልጅ የታመመችበትን የሌላ ሰው ልጅ ይጠጣው?» ብሎ አሳፈረው፤ ከታመሙት ጋር ለብቻ በእሾህ አጠራት። በምትኳ ቀለበት የሌላትን አንዲት ጥቁር ላም ነድቶ መጣ። እኔ አመስግኜ ልናገር ስል «ደባሬ አይመለስም፤ ዳለቲ ቆዳዋን ቀየረች በል» አለኝ። ልጄ፣ በዚህ ቃል እንደ ሕፃን አነባሁ።

የቀረው የጉያቱ ደም ነበር። ጉያቱ «የነፍሰ ጡር ደም አይቀዳም» ብላ እጇን በነጠላዋ ደበቀች። ዳዳቻ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ለሰማታር ዘረጋለት። «ያን የእኔን ‹ቡሳ›፣ እናንተ ወባ የምትሉትን የማታ ትኩሳትም ጠይቅልኝ፤ ዕድሜዬ ነው ስል ቆይቼአለሁ። ይህ ያረጀ ደም ካልፈራ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ትፈሪያለሽ?» አላት። እሷም ፊቷን አዙራ ክንዷን ሰጠች። የሁለቱም ደም በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄዷል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ሰማታር የሚሠራበትን የከብት ሕክምና ምርምር ቤት አድራሻ ከዚህ ጋር አኑሬልሃለሁ። በስሙ ብትጠይቅ ያስገቡሃል። የጉያቱንና የዳዳቻን ውጤት ሳትይዝ አትመለስ። በሽታው ካለባት የሚስማማትን መድኃኒት ከሐኪሙ ቃል ጋር ይዘህ አንተ ራስህ ና፤ ሥራው ይጠብቅሃል፤ ማኅፀን ግን አይጠብቅም። ክፉ ወሬ በቴሌግራም አትላክ፤ በነገሌ ቴሌግራም ባለቤቱ ሳይሰማ ገበያው ይሰማዋልና።

ይህን ስጽፍ ጉያቱ ገብታ አየችኝ። ለማን እንደምጽፍ ሳልነግራት ዐወቀች። ትቆጣኛለች ብዬ ብዕሬን ያዝኩ። እሷ ግን ወጥታ፣ ጥሩነሽ በፈላ ውኃ ባጠበችው የቆርቆሮ ጽዋ የፈላ ወተት ይዛ ተመለሰች። ይህን ወተት እንዴት እንደምትጠላው አታውቅም፤ «የሞተ ይሸታል» ትላለች። ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እስከ ታች ጠጣችው፤ ጽዋውንም ገልብጣ አሳየችኝ። «ከጻፉለት አይቀር፣ ጠጥታለች ብለው ይጻፉለት» አለችኝ። ጻፍኩልህ።

እናትህ ጥሩነሽ እንዴት ነህ፣ ልብስህን የሚያጥብልህ ማነው፣ ብርዱን ተጠንቀቅ ትልሃለች። ጉያቱ ሰላምታዋ በዚያ ጽዋ ውስጥ ነው። ለወዳጆችህ፣ ለሥራ አለቃህ፣ ላከራዩህ ሴትዮ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ዳዳቻ ደግሞ «ሎን ናጋ፣ ጉያቱ ናጋ በለው» ብሎኛል። እኔ ይህን ቃል የእሱ ብዬ ጻፍኩት እንጂ የእኔ አድርጌ ልጽፈው አልደፈርኩም። ውጤቱን አይተህ ደኅና ከሆነ፣ ያን ጊዜ ቴሌግራም አድርግ፤ ሌላ ምንም አትጨምርበት፤ «ናጋ» ብቻ በል። ገበያው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ይስማው።

አባትህ ወልደገብርኤል

ነገሌ ቦረና፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.