ከነካርቶናቸው የሚቀሉ ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ የዓለም አቀፍ ንግድ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ባለፈው ሳምንት የቢሯችንን ደረጃ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወጡ ላብ አጥምቆዎት ስላየሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጉልበትዎ ብርታት እመኛለሁ። እኔ የቀድሞ ተማሪዎ ነኝ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ዕቃውን ከጉምሩክ እንዲያስለቅቅለት በቀጠረው ድርጅት ውስጥ ፎርም እመረምራለሁ።

አንደኛ፤ ስመዘገብ የሰጡን በራሪ ወረቀት ተመራቂው የባንክ የውጭ ንግድ ባለሙያ፣ የመርከብ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ፣ ዕድል ከቀናውም የአገር የንግድ ተደራዳሪ እንደሚሆን ያበሥር ነበርና ምስጋናዬ የላቀ ነው። እስካሁን የተደራደርኩት ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ብቻ ሲሆን እሱም ረትቶኛል።

ሁለተኛ፤ በመጨረሻው ዓመት ፈተና ላይ ዕቃ ከነካርቶኑ ሲመዘን እንደሚከብድ በመጻፌ ከማለፊያው በሁለት ነጥብ ጎደልኩ። በማስተማሪያ ጽሑፍዎ ከነካርቶኑ የሚመዘነው ጠቅላላ ክብደትና ያለ ካርቶኑ የሚመዘነው የተጣራ ክብደት ቦታቸው ተገልብጦ ስለታተመ፣ ሁለት ጊዜ አቤት ብዬ ሁለቴም መልሴ «ከማስተማሪያ ጽሑፉ ጋር ይጋጫል» ተብሎ ተጽፎልኛል። በዚያች ውጤት ምክንያት ዲግሪዬ ታግዷል፤ ያለ ዲግሪ ደግሞ የአስለቃቂነት ፈቃድ አይሰጥም። የሠራሁትን ሁሉ ሌላ ሰው ሲፈርምበት ሁለት ዓመት ቆሜ አይቻለሁ፤ በእውነቱ አንጀቴ አሯል።

ሦስተኛ፤ ለትምህርት ክፍሉ የመጡትን አርባ ኮምፒውተሮች ፎርም፣ «ከእኔ በላይ ባለሙያ የለም» በማለት በገዛ እጅዎ ሞልተውልናል። እንደ አሞላልዎ ኮምፒውተሮቹ ከካርቶን ሲወጡ ይከብዳሉ። ጉምሩክ ይህን ዕውቀት መሸከም አቅቶት ሦስት ጊዜ መልሶታል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ለመጥቀስ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም።

ዕቃው በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ካልተነሣ በሐራጅ ይሸጣል። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማሩት ትክክል ከሆነ በአቋምዎ ጸንተው ኮምፒውተሮቹን እንዲሸኙ፣ ካልሆነም ውጤቴን እንዲያርሙልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ስሕተትዎን አጥንታ ባለመያዟ የወደቀችው፣
ታዛዥ ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፤ እንዳይደክሙ ብዬ የማረሚያ ቅጹን ሞልቼ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። «ከነካርቶኑ የተመዘነው ይበልጣል» ከሚለው መስመር ሥር የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ቅጂው ሁለት ነው፤ አንዱ ለጉምሩክ፣ ሌላው ለሬጅስትራር።