ፍሬኑ አልተያዘም ነበር

ውድ እታለም፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጤንነትሽን ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። አንቺ ደግሞ ገና «ሃሎ» ስል፣ ባወጣሽልኝ ቅጽል ስም «ብሎን፣ ምን ሆነሃል?» ትያለሽ። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠሽ ሌላ ከተማ ያለ ሰው ሆድ ታነቢያለሽ። ስለዚህ ብጽፈው ይሻላል አልኩ። ስሕተት ካገኘሽበት በቀይ እስክሪብቶሽ አርሚው፤ የሰው መጽሐፍ ስታርሚ የኖርሽ ሴት የወንድምሽ አንድ ደብዳቤ አይከብድሽም።

እማዬ ትናንት ሁሉንም ነገረችኝ። እሷን ሆስፒታል ካደረስሽበት ቀን ወዲህ ከበሩ አልወጣሽም አለች። ወረርሽኙ አልፎ ሰው ማስኩን ጥሎ መንገዱን ሲሞላው፣ አንቺ የምትወጂውን ደረጃ እንኳን ተውሽው። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አሳንሰሩ ይቆማል ስል ሳቃችሁብኝ፤ ይኸው እኔ የገባሁ ቀን ቆመ» ብለሻታል።

መሳቁንስ ስቄብሻለሁ። አሳንሰር ጠጋኝ ወንድም እያላት ዘጠኝ ዓመት በእግሯ የምትወጣ እህት ለኔ የሙያ ስድብ ነበረች። «እኔ በእጄ ያጠበቅሁትን አታምኚም?» እልሽ ነበር። «አንተንማ አምናለሁ፤ ራሴን ነው የማላምነው» ትይኛለሽ። ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ምድጃው መጥፋቱን አራት ጊዜ ስታዪ፣ በር ቆልፈሽ ከሁለተኛ ፎቅ ስትመለሺ፣ «ሁሉ ስለ ሞላላት ነው» ያልኩበት ቀን አለ። ማድ ቤት ሆነሽ ሰምተሽኛል። መስማትሽንም አውቃለሁ።

ወረርሽኙ ሲመጣ ሁላችንም «በቃ፣ እሷ አለቀላት» ነበር ያልነው። ግን ጎረቤቱ ሁሉ የአሳንሰሩን ቁልፍ መንካት ፈርቶ ወደ አንቺ ደረጃ መጣ። ጡረተኛው ዳኛ ግድግዳ ተደግፈው ሲያለከልኩ «እዚህ አይረፉ፣ ጋሼ፤ ትንሽ ወጣ ብሎ ንፋስ የሚገባበት መታጠፊያ አለ» ብለሽ በሁለት ሜትር ርቀት እየመራሽ ቤታቸው አስገባሻቸው። «ሰው ሁሉ አሁን ገና የኔን ቋንቋ መናገር ጀመረ» ብለሽ ስትስቂ ትዝ ይለኛል። ያን ሰሞን እጅሽ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ፣ የምታርሚው ወረቀት ጠርዝ ላይ ደም ይነካ ነበር።

ከዚያ፣ ያኔ እናንተው ጋ ስኖር፣ የኔ ተራ መጣ። የሆስፒታል አሳንሰር ስጠግን ውዬ ገብቼ፣ ማድ ቤት ቆሜ ውኃ ስጠጣ ደረቴ ተዘጋ። ያዘኝ፣ አለቀልኝ አልኩ። አንቺ ግንባሬን ዳሰስሽ፣ ሳሙናውን አንስተሽ አፍንጫዬ ሥር አደረግሽ።

«ይሸትሃል?»

«ይሸተኛል።»

«ጣቶችህን ይነዝርሃል? አሁኑኑ የምትሞት ይመስልሃል?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አይዞህ፣ ይሄ በሽታው አይደለም። የኔ እንግዳ ነው፤ ቤት ተሳስቶ ነው አንተ ጋ የገባው። አራት እየቆጠርክ ሳብ፣ ስድስት እየቆጠርክ አውጣ።»

ሩብ ሰዓት ያህል አብረሽኝ ቆጠርሽ። እንግዳሽ ሲሄድ ወለሉ ላይ ተቀምጬ «ስንት ጊዜ ይመጣብሻል?» አልኩሽ። «በዚህ ሰሞን በቀን ሁለቴ» አልሽና ድንች መላጥሽን ቀጠልሽ። እኔ አንዴ ቀምሼው የሞትኩ የመሰለኝን ነገር፣ አንቺ በቀን ሁለቴ ተቀብለሽ፣ ሸኝተሽ፣ ምሳ ታቀርቢልን ኖሯል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። እማዬ ትንፋሿ ሲያጥር፣ አምቡላንሱ ሲደርስና መብራት ሲጠፋ አንድ ሆነ። ቀን ስምንት ሰዓት ነበር። የጤና ባለሙያውና እኔ በወንበር ተሸክመን ልናወርዳት ሞከርን፤ ወንበሩ በጠባቡ መታጠፊያ አላልፍ አለ፣ እሷም ከንፈሯ ጠቆረ። መልሰን አስገባናት። መብራት ሳይኖር እኛው ፎቅ ላይ የቆመውን አሳንሰር ከላይ ከሞተር ክፍሉ በእጅ መዘውር ማውረድ እንደሚቻል ነገርኳችሁ። አንድ ሰው ፍሬኑን ይለቃል፣ ሌላው ያዞራል። አሳንሰሩ ግን የእማዬን ወንበርና አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ያን ሁሉ ፕላስቲክ የለበሰውን ባለሙያ ደግሞ እማዬ ፈርታ፣ በቀረባት ቁጥር የኦክስጅን ጭንብሉን ከፊቷ ትነቅላለች።

«መዘውሩን ካንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?» አልሽኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው የምገባው እኔ ነኛ።»

ፊትሽ ወረቀት መስሎ ነበር። ገባሽ፣ የእማዬን እጅ ያዝሽ፣ በሩን ስገፋ ዓይንሽን ከኔ ላይ አልነቀልሽም። «ቀስ በል፣ አትቸኩል» ብቻ አልሽኝ።

የሕንፃውን ጥበቃ ይዤ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሞተር ክፍል ወጣሁ። እሱ የፍሬኑን ማንሻ ያዘ፣ እኔ አዞርኩ። የብረት ገመዱ ላይ ለየፎቁ ቢጫ ምልክት አለ፤ በዚያ ነው የት እንደደረሳችሁ የማውቀው። አምስተኛ አለፈ፣ አራተኛ አለፈ። ሦስተኛውን እንዳለፈ «ሁለቱም በዚህ እጅ ላይ ናቸው» የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ወዲያው ጣቶቼን ነዘረኝ። ደረቴ ተዘጋ። መዘውሩ ከእጄ ሊያመልጥ ሲል «ያዝ» አልኩት ጥበቃውን። ማንሻውን መልሶ አሳንሰሩን አቆመው፤ እኔ ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ።

እናንተ በሦስተኛና በሁለተኛ ፎቅ መሐል፣ በጨለማ፣ ተንጠልጥላችሁ ቀራችሁ። አንቺ ዘጠኝ ዓመት የፈራሽው ቦታ ላይ ማለት ነው።

እታለም፣ ከዚያ ጉድጓድ ጩኸት ነበር የጠበቅኩት። የመጣው ግን ድምፅሽ ነው፤ ገመዱ በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ ቀስ ብሎ። «ሳቢ እማዬ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አሁን አውጪ።» ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ቁጥር አልዘለለም። ሙሉ ቤተሰቡ ደካማዋ የሚላት ሴት ጨለማ ውስጥ ተንጠልጥላ ለእናቷ ትቆጥራለች። ከላይ ተቀምጬ ካንቺ ጋር ሳብኩ፣ ካንቺ ጋር አወጣሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ጥበቃው እንዳያሳፍረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር። ጣቶቼ ሲመለሱልኝ ተነሥቼ መዘውሩን ያዝኩ፣ «ልቀቅ» አልኩት፣ ወረዳችሁ።

በደረጃው ሮጬ ታች ስደርስ እማዬ አምቡላንስ ውስጥ ገብታለች፤ አንቺ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለሻል። «ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አልሽኝ። ባለሙያው እኔ፣ ጀግናው እኔ፣ በዚያች ሰዓት እንኳን ፊቴን አዳንኩ። «ፍሬኑ በራሱ ተይዞ ነው» አልኩሽ።

አልተያዘም ነበር። በማግስቱ ፈትቼ አየሁት፤ ፍሬኑም ገመዱም አንድ እንከን አልነበረባቸውም። የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ያስነሣሽኝ አንቺ ነሽ። እማዬ ዛሬ ስልክ አንሥታ የምትነዘንዘኝ አንቺ ስለቆጠርሽ ነው። ያን ቀን ሦስት ሰው ነው ያወረድሽው፤ አንቺ ግን አሳንሰሩ ከዳኝ ብለሽ በኔ ውሸት በር ዘግተሽ ተቀምጠሻል። ስለዚህም፣ ማድ ቤት ሆነሽ ስለሰማሽውም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እንግዳሽ በዚህች ደብዳቤ ነቅሎ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብላ እማዬ የያዘችልሽን ቀጠሮ አትሰርዢው፤ እኔም እፈልገዋለሁ፣ አብረን እንገባለን። ቅዳሜ እመጣለሁ። በደረጃ ነው የምወጣው፤ ንፋስ የሚገባበት መታጠፊያ ጋ አርፌ በርሽን አንኳኳለሁ። ብትፈልጊ አንድ ደረጃ ብቻ እንወርዳለን፣ ካልፈለግሽም ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። እጄን ከነዘረኝ ግን አልደብቅሽም።

ቁጥሩን አንቺ ትጀምሪያለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ
ብሎን