ግማሽ ላይ የቀረ ጸጉር

ሰኔ 7 ቀን፣ ከበረንዳው ላይ

ይድረስ ስትቆጪ ቁርጥ እናትሽን ለምትመስይው ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽስ? ያቺ በስልክ ድምፅዋን ብቻ የማውቃት የልጅ ልጄስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደኅና ነኝ። ይህን የምልሽ ደብዳቤ ሲጀመር ስለሚባል አይደለም፤ እውነትም ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከደኅናም በላይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቢ ትደርሽበታለሽ።

የምትጽፍልኝ ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ታይፒስት ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የቆጠሩት አገሩን የት እንዳደረሱት እያየሁ ነው። (አሁን ብዕሯን አቁማ በመነጽሯ አናት ላይ አየችኝ። ይሄንንም ጻፊው አልኳት።) ያልኩትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ልትጽፍ ቃል ገብታልኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሹማምንት መግለጫ ስትተይብ ስለኖረች የእኔ አይከብዳትም።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ላይ ስለምታለቅሺ ነው። አንቺ ስታለቅሺ እኔ "እሺ" እላለሁ። ባለፈው ጊዜ እሺ ያልኩሽም እንባሽን እንጂ ሐሳብሽን አይደለም። የአውሮፕላን ትኬቱ ደርሶኛል። ቤቱን ለደላላ ሰጥተህ ና፣ በዚህ ሳምንት ቁርጡን አሳውቀኝ ብለሻል። ቁርጡን ላሳውቅሽ ነው የተቀመጥኩት። ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽም፤ እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

ሱቁ ለመንገድ ማስፋፊያ ተነሳ ብዬሽ ነበር። እሱ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። የሆነው ሌላ ነው።

የወንበሬን ሕግ ታውቂያለሽ፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ የተቆረጠ ጸጉር እየረገጥሽ ነው ያደግሽው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ስለ መንግሥትም ይሁን ስለ ሚስቱ የፈለገውን ይናገራል። ተራ የሚጠብቁት አፋቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። እኔ ደግሞ ጸጉሩ አልቆ ጨርቁን እስካራግፍ ድረስ መልስ አልሰጥም። ይህን ሕግ ያወጣሁት ሁለት ደንበኞች በምርጫ ተጣልተው ትልቁን መስታወት የሰበሩብኝ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ምላጭ የያዘ ሰው መናደድ የለበትም። በዚህ ሕግ ስንት መንግሥት አሳለፍኩ። ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ተወድሷል፣ ሁሉም እዚያ ወንበር ላይ ተሰድቧል፤ እኔ የሰው ጸጉር ቆርጬ፣ መልሴን በመጨረሻ ሰጥቼ፣ ጋሽ ምላጭ እየተባልኩ በሰላም ኖርኩ።

ከምርጫው በፊት የመንገዱ ኃላፊ አጀብ አስከትሎ መጣና የሱቁን ፊት ለፊት አስቆፈረ። ሪባን ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መንገድ ሊሠራ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው፣ ለምን እዋሻለሁ። ምርጫው አለፈ። ቆፋሪዎቹም አካፋቸውን ሰብስበው ሄዱ። ጉድጓዱ ግን አልሄደም። ዝናብ ሞላው፤ እንቁራሪት ገባበት፤ ማታ ማታ አላስተኛ አለን። ሬዲዮው ደግሞ መንገዱ በታቀደለት ጊዜ ተጠናቋል አለ። ሬዲዮው በሚያወራበት አገር የሚኖር ሰው ምንኛ የታደለ ነው። ሽንኩርት ረክሷል፣ መብራት አይጠፋም፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው።

እኔ ግን የምኖረው እዚህ ስለሆነ አንድ ቀን ጠዋት ሱቅ ልከፍት ስሄድ ጉድጓዱ ውስጥ ገባሁ። ወደቀ የሚሉ አሉ። አልወደቅኩም፤ ሳላስበው ወረድኩ። ጉልበቴን የሚያመኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

ቁስሉ ሳይሽር ያ ኃላፊ ራሱ ሊስተካከል መጣ። ስብሰባ አለብኝ፣ አሳምረኝ አለ። የግራውን ጎን አሳምሬ ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር እንዲህ አለ፦ "ሰዉ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ እያለ ያለቃቅሳል። ጉድጓዱ ምን አደረገ? የሚሄድበትን እያየ አይሄድም?"

ልጄ፣ መቀሱን አስቀመጥኩ። ከነሕጌ አርጅቼ፣ ጸጉር ሳያልቅ አፌን ከፈትኩ። ያልኩትን እዚህ ላይ ላስጽፍ ነበር፤ ታይፒስቷ ግን ሳልጨምር ሳልቀንስ ያለችውን ረስታ ይሄን እጄ አይጽፈውም ብላለች። ብቻ ሰውዬው ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ብድግ ብሎ ወጣ። ግራው ተከርክሞ፣ ቀኙ እንደ ጎፈረ፣ መንገዱን አቋርጦ ሲሄድ ዳቦ የሚገዛው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ቆሞ አየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሙ ግማሹ ሆኖ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የሱቄ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ ቀጥሎ ወንበሬንና መቀሴን አስወጥተው በሩን አሸጉት።

በተናገርኩት አልጸጸትም፤ ዛሬም እደግመዋለሁ። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። እኔ የጀመርኩት ራስ ሳያልቅ በአደባባይ ሄደ። ይህ በሥራ ዘመኔ ደርሶብኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጬ ከሬዲዮው ጋር ስጣላ ከረምኩ። የእኔና የታይፒስቷ ግድግዳ አንድ ነው፣ ያውም ስስ ነው። ሬዲዮው ሲናገር እኔ ከወዲህ "ውሸታም" እላለሁ፤ እሷ ከወዲያ "ልክ ነው" ትላለች። የአሁኖቹ ደጋፊ መሆኗን ታውቂያለሽ። "ቀስ በቀስ ይስተካከላል" ትላለች። "ሁሉም ይነሱ" እላለሁ። "ተነስተው ማን ይቀመጥ? እርስዎ?" ትላለች። "እኔ የራሴ ወንበር አለኝ" እላታለሁ። አንድ ቀን በሬን አንኳኳችና፣ "እንግዲያውስ ያንን ወንበርዎን አምጥተው በረንዳዬ ላይ ይትከሉት። በግድግዳ ከምንጯጯህ ፊት ለፊት ይሻላል" አለችኝ።

ጡረተኛው ሾፌርና ዳቦ ጋጋሪው እያቃሰቱ ተሸክመው አመጡት። የብረት ወንበር እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ነው ያወቁት። ከመኝታ ቤቷ መስታወት አውጥታ ሚስማር ላይ ሰቀለችልኝ። የአበባ ጣሳዎቿን ወደ ዳር ገፋች። ደንበኞቼ አንድ በአንድ ሽታዬን ተከትለው መጡ። ሕጉም አብሮ መጣ። ሕጉን የማታከብር አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷ በመስኮቱ ውስጥ ሆና ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው "ይሄ ውሸት ነው" ትለዋለች። ቤቱ የሷ ስለሆነ ምን ይደረጋል።

ባለፈው ወር ደግሞ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ግማሹ። ከኃላፊነቱ አንስተውታል። ጨርቄን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ አጣጥፎ ይዟል። እያነከሰ ነው የመጣው። ሾፌሩ ሊስቅ ሲል በዓይኔ ገሠጽኩት። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ጀመርኩለት፣ እሱም ጀመረ። አለቆቹን አንድ በአንድ እየጠራ የሰደባቸውን ስድብ እኔ እንኳ በጉብዝናዬ አልተሳደብኩትም። ታይፒስቷ እንኳ ከመስኮቱ ውሸት ነው አላለችም። በመጨረሻ ለምን እንደሚያነክስ ተናገረ፤ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ወስደውበት በእግሩ ሲሄድ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ነው።

ምላሴ በላችኝ፣ ልጄ። ግን ዋጥኩት። ግራውን ጨረስኩ፣ ቀኙን ጨረስኩ፣ አንገቱን በምላጭ አጠራሁ፣ ጨርቁን አራገፍኩ። ከዚያ፣ "የሚሄዱበትን እያዩ ይሂዱ፣ ጌታዬ" አልኩት።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አሁን የዘወትር ደንበኛዬ ነው። ያን ጉድጓድ ድፈኑልን እያለ ቢሮ ለቢሮ የሚዞረው እሱ ነው፤ ድሮ እሱ ሰው ያስጠብቅበት በነበረው ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃል።

ትኬትሽ የደረሰኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ነው። ያነበበችልኝ ታይፒስቷ ናት። አነበበች፣ ወደ ፖስታው መለሰችው፣ "መልካም መንገድ" ብላ ገባች። ያን ቀን ከመስኮቱ ድምፅ አልወጣም። ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወጣት ሳለ ሚኒስትር አባርሬ ነበር እያለ ሲዋሽ እንኳ ዝም።

በነጋታው ደንበኛ ሳይመጣ ወጣችና ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። የሴት ጸጉር ቆርጬ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ፤ ያንቺን ብቻ ነው፣ እሱንም አስለቅሼሽ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ምን ሆነሻል?" አልኳት።

"ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ይናገራል። ሕጉ የእርስዎ ነው" አለች።

ጨርቁን አሰርኩላት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አሁን ያለችውን ልናገር ነው፤ የራሷን ቃል ራሷ ትጻፈው። (አቀርቅራለች። ጆሮዋ ቀልቷል። ይሄም ይጻፍ።) እንዲህ አለች፦ "ዕድሜ ልኬን የሰው ቃል ስተይብ ኖሬያለሁ፤ ይሄ የራሴ ነው። ልጅህ ዘንድ ብትሄድ አልከፋም፤ ልጅ ናት፣ ይገባታል። ግን ከወዲህ ግድግዳ ውሸታም የሚል ከሌለ እኔ ለማን ብዬ ነው ልክ ነው የምለው? እኔ እኮ የሚሉትን ግማሹን አላምነውም። አንተን ለማናደድ ነው።"

አንተ አለችኝ፣ ልጄ። ከእርስዎ ወደ አንተ እንደ ደረጃ ወረደች፤ እሷ ግን አልወደቀችም።

ሕጉ ሕግ ነው። አንዴ ጥሼው ሱቄን አጥቻለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ከጫፍ ከጫፉ መከርከም ጀመርኩ። መሐል ላይ ስደርስ ግን አንድ ነገር ተከሠተልኝ፤ ጸጉሩ ካለቀ መልስ መስጠት አለብኝ። እጄ ዘገየ። "ብርሃኑ አልተመቸኝም፣ ነገ እንጨርሰዋለን" አልኳት። በነጋታው ጉልበቴን አመመኝ አልኩ። በሌላው ቀን መቀሱ ደነዘ አልኩ። እሷ ሻሿን ጠምጥማ ትነሳለች። ይኸው አሁንም ከሻሹ ሥር አንዱ ጎን አጭር፣ አንዱ ጎን ረጅም እንደሆነ ተቀምጣ ትጽፍልሻለች። ዳቦ ጋጋሪው "ሁለተኛዋ ግማሽ" ብሎ ቀለደባት፤ ከሱ ጋር ተኳርፈናል።

እንግዲህ ቁርጡ ይኸውልሽ። አልመጣም።

ምክንያት አዘጋጅቼልሽ ነበር። ብርዳችሁን አልችልም፣ ፎቃችሁ ደረጃው ይበዛል፣ አገሪቱን ለነዚህ ሰዎች ጥዬ አልሄድም። ሦስቱንም ሾፌሩ ላይ ሞክሬያቸው ሳቀብኝ። በተለይ በመጨረሻው።

እውነቱ ይሄ ነው። በሕይወቴ አንድ ራስ ግማሽ ላይ ትቻለሁ። ሁለተኛ ራስ ግማሽ ላይ ትቼ አውሮፕላን አልሳፈርም። ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ።

ቅር እንዳይልሽ። ነፍሷን ይማርና የእናትሽ ፎቶ በረንዳው ላይ ከመስታወቱ አጠገብ ተሰቅሏል። የሰቀልኩት እኔ አይደለሁም፤ በየጠዋቱ የሚወለውለውም እኔ አይደለሁም።

ትኬቱን ወደ ራስሽ አዙሪውና ልጅቷን ይዘሽ ነይ። የመጀመሪያ ጸጉሯን ሌላ ሰው እንዳይነካው፤ ከነካው አላናግርሽም። ከአውቶቡስ ስትወርጂ በግራ በኩል ያዢ፣ ጉድጓዱ እዚያው ነው። ግማሹ ከክረምት በፊት ይደፈናል ብሎኛል። እኔ አላምንም። እሷ አምናለሁ ትላለች፤ እንግዲህ ለምን እንደምትል አንቺም አውቀሻል።

እግርሽ የሚረግጠው ሁሉ ደልዳላ ይሁንልሽ። ባልሽ እንዲያዳምጥሽ፣ አለቃሽ እንዲፈራሽ፣ ልጅሽ እንዳንቺ እልኸኛ ሆና እንድትከፍልልኝ ያድርግልኝ። የምትመርጫቸው ሰዎች ቃላቸውን ይጠብቁልሽ፤ እዚያ እንኳ ይሆን ይሆናል።

አሁን ብዕሩን አስቀምጪ፣ ወንበሩ ላይ ውጪ ልላት ነው። መቀሱ ከመጀመሪያውም አልደነዘም።

አባትሽ፣ ጋሽ ምላጭ
(ከዚህ በታች ያለው አውራ ጣቴ ነው)

ልጄ፣ ይህችን ደግሞ እኔ ጸሐፊዋ ከራሴ ልጨምር። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ አስቀርቼብሻለሁ፤ ስትመጪ በጆሮሽ እነግርሻለሁ። ጸጉሬ አልቋል፤ አምሮብኛል። ጨርቁን አራግፎ መልሱንም ሰጥቶኛል። ስለ ፖለቲካ የሚለውን ግን አንዱንም እንዳታምኚው።