ታደሰ ኤስ. የተባለው ማን ነው

ሰኞ፣ ጥር 19

ጠዋት የገባ፦ ከበቆጂ የብቅል ገብስ አርባ ሁለት ጆንያ፣ ከጎበሳ ስንዴ አሥራ ስምንት። ከስንዴው ሁለቱ ጆንያ እርጥበት ስላላቸው መለስኳቸው።

ቀትር ላይ ልጄ ሰናይት መጋዘን መጣች። ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ምርምሯ ገብስ ላይ ነው። ጽሑፏ የሚወጣበት ጆርናል በወረቀት መታተሙ ቀርቶ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ሆኗል። የድሮ እትሞቹም ወደዚያው ተዛውረዋል። በስልኳ አሳየችኝ። መነጽሬን አደረግሁ። «ታደሰ፣ ኤስ.» ይላል። እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ በአንድ ፊደል።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለጎረቤቴ ለሐጂ ከድር አሳየሁት። «ገብስ ስትሰፍር ኖረህ መቼ ተመራመርክ?» አለኝ። ሰናይት ግን አልሳቀችም። ክፍል አለኝ ብላ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ገቢ ዘጠኝ ጆንያ ብቻ።

ለምን እንዳልሳቀች ዛሬ ነገረችኝ። አዲሱ ድረ ገጽ የእያንዳንዱን ጸሐፊ ሥራ አንድ ቦታ ይሰበስባል። «ታደሰ፣ ኤስ.» በሚለው ሥር አምስት ጽሑፍ አለ። ሁለቱ የእሷ ናቸው። ሦስቱን የጻፈው ሰለሞን ታደሰ የሚባል፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለ የአፈር ተመራማሪ ነው። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም በሙሉ ስማቸው ስለነበሩ የሚያምታታቸው አልነበረም።

ችግሩ የረዳት ፕሮፌሰርነት ማመልከቻዋ ነው። ዓርብ ይዘጋል። ሦስት ጽሑፍ ይጠየቃል። የእሷ ሦስተኛ ተቀባይነት አግኝቷል፣ ገና አልወጣም። ካመለጣት ሌላ ዓመት ትጠብቃለች። ኮሚቴው የሚቆጥረው ከዚያ ድረ ገጽ ነው፤ ዝም ካለች አምስት አላት። አንድ ባልደረባዋ ዝም በይ ብሏታል።

«አባዬ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

የሰው ጆንያ ከእኔ ጋር ተደባልቆ ባገኝ ለብቻው አስቀምጬ ባለቤቱን እንደምጠራ ነገርኳት። ቦርሳዋን ከፍታ ደብዳቤ አወጣች። ስሜ ይስተካከል ይላል። የጻፈችው እሑድ ነው። የጠየቀችኝ ምን እንደምል ልትሰማ ኖሯል። መጀመሪያ ተናደድኩ። ወዲያው ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ገቢውን አላየሁም። አብሬያት ወደ ጆርናሉ ቢሮ ሄድኩ። አዘጋጁ ዶክተር ቶሎሳ «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ ታደሰ» ብለው ወንበር ሰጡኝ። ጨዋ ሰው ናቸው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ፣ ማሽኑ የአባትን ስም አስቀድሞ የራስን ስም እንዳሳጠረ አስረዱን። መፍትሔ ያሉት የአያት ስም መጨመር ነው። «ወልዴ፣ ኤስ. ቲ.» ልትባል ነው።

«አባቴ ወልዴ እርፍ እንጂ እስክሪብቶ ይዞ አያውቅም» አልኳቸው። «እሱን ተመራማሪ አታድርጉብን። እኔንም ከፊት አንሡኝ። የጻፈችው ሰናይት ናት፤ እሷን አስቀድሙ።»

ሳቁ። የውጭ አንባቢዎች ግን ያንኛውን አጻጻፍ እንደለመዱ ነገሩን። ሰናይት ቀበል አድርጋ «የእኛንም ይልመዱት» አለች። ስሟ ሳይቆረጥ እንዲገባ ተስማሙ። የሰለሞንም ተለየለት። አሁን በስሟ ያላት ሁለት ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለ ሦስተኛው የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ድሮ እትሙ እስኪሞላ ወራት ይፈጅ ነበር፤ አሁን የመጨረሻው እርማት እንዳለቀ ይወጣል። እርማቱን እስከ ነገ ማታ ካደረሰች ዓርብ ጠዋት ይደርስላታል።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ዩኒቨርሲቲው ግቢ መብራት ስለሌለ ሰናይት እኔ መጋዘን መጥታ ሠራች። እሷ ከራሷ ጽሑፍ ቁጥሮቹን ስታነብ እኔ ጆርናሉ ካዘጋጀው ሠንጠረዥ እከታተላለሁ። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ነው። አንዱ ጋ ስደርስ ግን አስቆምኳት። የበቆጂ ገብስ ምርት፣ በሄክታር ሦስት ነጥብ አራት ኩንታል።

«ዘሩን ነው እንዴ የቆጠሩት?» አልኳት።

ደግማ አየችው። ቶን መሆን ነበረበት፤ ሠንጠረዡን ሲያስገቡ ኩንታል ብለውታል። እሷም ሁለት ጊዜ አልፋዋለች። ለሃያ ስድስት ዓመት ገብስ የገዛሁት ለዛሬ ጠቀመ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላከችው።

ዓርብ፣ ጥር 23

አራት ሰዓት ላይ ወጣ። ደውላ ክፈተው አለችኝ። «ሰናይት ታደሰ» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ስሜ ከኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን የበለጠ ያምራል።

ሰለሞን የተባለው ሰው ጽፎ አመስግኗታል። ገብስም ያጠና ተደርጎ መቆጠሩን አያውቅም ነበር።

ማመልከቻዋን ስምንት ሰዓት ላይ በኮምፒውተር ላከች። ከኮሚቴው መልስ መጣ፦ ደርሶናል፣ ጽሑፎቹ በወረቀት ታትመው ሦስት ሦስት ቅጂ ሰኞ ጠዋት ይቅረቡ። ስልኩ ላይ አብረን ሳቅን። ማዕረጉን ይስጧት አይስጧት የሚታወቀው ከወር በኋላ ነው።

ነገ፦ መብራት ሳይሄድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ዘጠኝ ቅጂ። ሦስት ክላሴር መግዛት።